ቅጽ 34ኤ፦ ኬንያውያን ድምፃቸውን መጠበቅ እንዴት ተማሩ?

"ምርጫ የሚሰረቀው መቼ ነው?" ብላችሁ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ብትጠይቁ መልሱ ብዙ ነው፡፡ አንዱ "ገና ምዝገባው ላይ" ይላችኋል፡፡ ሌላው "ኮሮጆ ሲገለበጥ ነዋ!" ይላል፡፡ ከኋላ ወንበር ያለው ደግሞ ዝም ብሎ ይስቅና "ወራጅ አለ" ብሎ ይወርዳል፡፡ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፤ የሳቀውም ጭምር፡፡ የምርጫን ታሪክ ስናገላብጥ ግን ከሁሉም አደገኛዋ ሰዓት ብዙም የማይወራላት ናት፤ ሰልፉ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ገብቶ፣ በቆጠራውና ውጤቱ በሚነገርበት ጊዜ መካከል ያለችው ሰዓት፡፡

ይቺን ሰዓት ጎረቤቶቻችን ኬንያውያን በደንብ ያውቋታል፡፡ ብዙ ደም አስከፍላቸዋለች፡፡ ዛሬ የማወራችሁ እነሱ ይቺን ሰዓት ለመግራት ስለሄዱበት ረጅም መንገድና መንገዱ መጨረሻ ላይ ስላገኙት አንድ ወረቀት ነው፡፡ ወረቀቱ "ቅጽ 34ኤ" ይባላል፡፡ ቅጽ ስላችሁ እንዳታዛጉ፤ ከጀርባው ያለው ታሪክ እንቅልፍ የሚያስወስድ አይደለም፡፡

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡ ወደ አገራችን ስመለስ ብቻ በእኛው "ዓ.ም." እጽፋለሁ፡፡)

ሜዳ ላይ የተሰለፈ ድምፅ

ኬንያ ከ1982 ጀምሮ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ነበረች፡፡ ፓርቲው ካኑ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ዳንኤል አራፕ ሞይ፡፡ ለ1988ቱ ምርጫ ካኑ እጩዎቹን የለየበት መንገድ በስዋሂሊ "ምሎሎንጎ" ይባላል፡፡ ሰልፍ ማለት ነው፡፡ መራጩ ሜዳ ላይ ይወጣል፣ ከሚደግፈው እጩ ወኪል ወይም ፎቶ ኋላ ይሰለፋል፣ አንድ ባለሥልጣን ደግሞ ራስ እየቆጠረ ያልፋል፡፡ ከመቶ 70 በላይ ያገኘ እጩ ዋናውን ምርጫ እንኳን ሳይጠብቅ በቀጥታ ፓርላማ ይገባል፡፡

ይህ አሠራር ሁለት በሽታ ነበረበት፡፡ የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ምስጢር የሚባል ነገር የለም፡፡ አለቃህ ያይሃል፣ አከራይህ ያይሃል፣ የቀበሌው ሹም ያይሃል፡፡ ቀድመው የጮኹት የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ነበሩ፡፡ ምክንያታቸውም ቀላል ነው፤ አንድ ቄስ ከአንዱ ምዕመን ኋላ በአደባባይ ከተሰለፈ ነገ የሌላኛውን ምዕመን ቤት እንዴት ያንኳኳል?

ሁለተኛው በሽታ ግን ይበልጥ ይገርመኛል፡፡ በብዙ ቦታ ረጅሙ ሰልፍ ተሸንፎ አጭሩ ሰልፍ አሸነፈ ተባለ፡፡ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕዝብ በዓይኑ እያየ! ሰዉ አጉረመረመ፣ ተቆጣ፡፡ ግን ምን ይዞ ይከራከር? ሰልፍ ሲበተን ማስረጃውም አብሮ ይበተናል፡፡ ረጅም ሰልፍን በኪስ ይዞ ዳኛ ፊት መቅረብ አይቻልም፡፡ "እኔ አይቻለሁ" ከማለት በቀር እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም፡፡

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፡፡ ሁሉም ሰው ያየው ቆጠራ እንኳን፣ ተጽፎና ተፈርሞ ካልተቀመጠ፣ በማግስቱ ወሬ ነው፡፡

ፊርማው የሚስት ነው፣ ወረቀቱ ለእጅ አልደረሰም

ሰልፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀረ፡፡ በታኅሣሥ 1991 የአንድ ፓርቲ ሕጉም ተሻረና በ1992 የመድብለ ፓርቲ ምርጫ መጣ፡፡ ተቃዋሚው ተከፋፈለና ሞይ ከመቶ 36 ገደማ ድምፅ ብቻ ይዘው አሸነፉ፡፡ ሁለተኛ የወጡት ኬኔት ማቲባ ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ፡፡ ማቲባ በ1990 ያለ ፍርድ ታስረው፣ እስር ላይ እያሉ ስትሮክ መትቷቸው ነበር፡፡ እጃቸው እንደ ልብ ስለማይጽፍ አቤቱታውን በውክልና የፈረሙላቸው ባለቤታቸው ናቸው፡፡ ፍርድ ቤቱ ምን አለ? "አመልካቹ ራሳቸው ስላልፈረሙ አቤቱታው ውድቅ ነው፡፡" የድምፁ ነገር አልተነሳም፡፡

በ1997 ምርጫ ደግሞ ሁለተኛ የወጡት ምዋይ ኪባኪ ነበሩ፡፡ እሳቸውም ከሰሱ፡፡ የአቤቱታውን ማስታወቂያ ጠበቆቻቸው በመንግሥት ጋዜጣ ላይ አሳተሙት፡፡ ፍርድ ቤቱ "አይሆንም፤ ለፕሬዚዳንቱ በአካል፣ በእጃቸው ሊሰጣቸው ይገባ ነበር" አለ፡፡ በጠባቂ ተከበው የሚንቀሳቀሱትን ፕሬዚዳንት ማን ጠጋ ብሎ "እንኩ፣ ተከሰዋል" ይላቸዋል? ጉዳዩ እስከ ይግባኝ ደርሶ በ1999 ተዘጋ፡፡ የድምፁ ነገር አሁንም አልተነሳም፡፡

እነዚህን ሁለት ፋይሎች አስታውሷቸው፡፡ ምክንያቱም ያ ወረቀቱን ለእጅ አላደረስክም ተብሎ የተባረረው ኪባኪ በ2002 ምርጫ ከመቶ 62 ድምፅ አግኝቶ ፕሬዚዳንት ሆነ፡፡ ናይሮቢ በደስታ አበደች፡፡ ሰዉ "የምርጫ ነገር ከእንግዲህ ተፈታ" ብሎ አመነ፡፡ አምስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው፡፡

የታኅሣሥ 30 ምሽት

በታኅሣሥ 27 ቀን 2007 ኬንያውያን ረጅም ሰልፍ ተሰልፈው በሰላም መረጡ፡፡ ፉክክሩ በኪባኪና በራይላ ኦዲንጋ መካከል ነበር፡፡ የምርጫ ኮሚሽኑ ግን ከመነሻው ጥያቄ ነበረበት፤ በ1997 ፓርቲዎቹ ኮሚሽነሮች በምክክር እንዲሾሙ ተስማምተው የነበረ ቢሆንም ኪባኪ አብዛኞቹን ተቃዋሚዎችን ሳያማክሩ ሾመው ነበር፡፡

የፓርላማው ውጤት ቶሎ ተሰማ፡፡ የኦዲንጋ ፓርቲ 99 ወንበር፣ የኪባኪ 43፡፡ የፕሬዚዳንቱ ቆጠራ ግን ዘገየ፡፡ በመጀመሪያ ኦዲንጋ በሰፊው ይመሩ ነበር፤ ከዚያ ልዩነቱ መጥበብ ጀመረ፡፡ ከአንዳንድ ቦታ ውጤት አልመጣም፡፡ ውጤት የሚሰበሰበው በስልክና በፋክስ ነው፤ ዋናው ቅጽ በኋላ ይደርሳል፡፡ በምርጫ ክልሉ የተነገረው ቁጥርና ናይሮቢ ላይ የተነበበው ቁጥር አይገጥምም የሚል ክስ መጣ፡፡ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ሳሙኤል ኪቩይቱ አንዳንድ ሠራተኞቻቸው ስልካቸውን አጥፍተው እንደጠፉባቸው በአደባባይ ተናገሩ፡፡

በታኅሣሥ 30 ምሽት ኪቩይቱ ከተረበሸው አዳራሽ በፖሊስ ታጅበው ወጡና ከአንድ ክፍል ሆነው፣ በመንግሥት ቴሌቪዥን ብቻ፣ ኪባኪ ወደ 230 ሺህ በሚጠጋ ድምፅ ማሸነፋቸውን አነበቡ፡፡ ኪባኪ እዚያው ምሽት፣ በቤተ መንግሥት ግቢ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፡፡ በዚያው ምሽት የቀጥታ ሥርጭት ታገደ፡፡ ጋዜጠኝነት እንደተማረ ሰው ይህን ሳነብ የሚያመኝ ነገር አለ፤ ዜናው በጣም የሚያስፈልግበት ደቂቃ ላይ ነው መብራቱ የጠፋው፡፡ ከቀናት በኋላ ኪቩይቱ ራሳቸው፣ አሸናፊውን ያወጁት ሰው፣ ኪባኪ በእርግጥ አሸንፈው እንደሆነ እንደማያውቁ ለጋዜጠኞች ተናገሩ፡፡

መንግሥት ተቃዋሚውን "ቅሬታ ካላችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ" አለው፡፡ ፍርድ ቤት? ያ የማቲባን ፊርማ ያልተቀበለው? ያ ኪባኪን ራሳቸውን በፖስታ ምክንያት የመለሳቸው? ተቃዋሚው አልሄደም፡፡ ክርክሩ ወደ መንገድ ወጣ፡፡

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፡፡ በአዲስ ዓመት ቀን፣ ኤልዶሬት አቅራቢያ ኪያምባ በሚባል ቦታ፣ ሴቶችና ሕፃናት የተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፡፡ ጎረቤት ጎረቤቱን በብሔሩ እየለየ አሳደደ፡፡ ፖሊስ ተኮሰ፡፡ በኋላ በዳኛ ፊሊፕ ዋኪ የተመራው ኮሚሽን የሟቾችን ቁጥር 1,133 አድርሶታል፤ ከሲሶ የሚበልጡት የሞቱት በጥይት ነው፡፡ መቶ ሺዎች ተፈናቀሉ፡፡ ኮፊ አናን ናይሮቢ መጥተው፣ በየካቲት 28 ቀን 2008 ሁለቱን አስፈራርመው፣ ኪባኪ ፕሬዚዳንት ኦዲንጋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፡፡

"ማን እንዳሸነፈ ማወቅ አይቻልም"

ከስምምነቱ በኋላ ምርጫውን የሚመረምር ሌላ ኮሚሽን ተቋቋመ፡፡ መሪው ደቡብ አፍሪካዊው ዳኛ ዮሃን ክሪግለር ናቸው፤ የ1994ቱን የማንዴላን ምርጫ ያስፈጸሙት ሰው፡፡ ሁሉም የሚጠብቀው አንድ መልስ ነበር፤ "ኪባኪ አሸንፏል" ወይም "ኦዲንጋ ተሰርቋል"፡፡

ክሪግለር ሁለቱንም አላሉም፡፡ ሂደቱ ከሥር መሠረቱ ስለተበላሸ እውነተኛውን አሸናፊ ማወቅ አይቻልም አሉ፡፡ በመራጮች መዝገብ ላይ 1.2 ሚሊዮን የሚሆኑ የሞቱ ሰዎች ስም እንዳለ ገመቱ፡፡ የምሬቱ ሁሉ ምሬት ደግሞ ይህ ነው፤ ኮሮጆ የሞላው አንድ ወገን ብቻ አልነበረም፡፡ የኪባኪ ደጋፊዎች በበዙበት የኦዲንጋ ወኪል የለም፤ የኦዲንጋ ደጋፊዎች በበዙበት የኪባኪ ወኪል የለም፡፡ ማንም ተቀናቃኝ ባላየበት ቤት ደግሞ ቁጥር እንደ ሊጥ ይቦካል፡፡

1,133 ሰው ሞተ፤ ስለምን እንደሞተ ግን ማወቅ አልተቻለም፡፡ አሸናፊው ማን እንደሆነ የሚመሰክር፣ ሁለቱም ወገን የሚያምነው አንድ ወረቀት አልነበረም፡፡ ከሁሉ በላይ የምጠላው የታሪኩ ክፍል ይህ ነው፡፡

ማሽን መጣ፣ ማሽን ተኛ

ኬንያውያን ጥፋቱን አላድበሰበሱትም፡፡ የድሮው ኮሚሽን በ2008 መጨረሻ ፈረሰ፡፡ በ2010 በሕዝበ ውሳኔ አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፡፡ ይህ ሕገ መንግሥት ስለ ምርጫ የሚያወራው እንደ ፖለቲከኛ ሳይሆን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፡፡ የምርጫው ሥርዓት ቀላል፣ ትክክለኛ፣ ሊረጋገጥ የሚችል፣ አስተማማኝና ግልጽ መሆን አለበት ይላል፡፡ ድምፅ እዚያው ጣቢያው ላይ ተቆጥሮ ውጤቱም እዚያው ይነገራል፡፡ የፕሬዚዳንት ምርጫን የሚቃወም ሰው በ7 ቀን ውስጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያመለክታል፤ ፍርድ ቤቱም በ14 ቀን ውስጥ ይወስናል፡፡ ለኪባኪ ቃለ መሐላ እንደተደረገው በአንድ ምሽት ተጣድፎ ዙፋን ላይ መውጣት ቀረ፡፡

በዚህ ላይ ሁሉም ሰው ተስፋውን የጣለበት ነገር መጣ፤ ቴክኖሎጂ፡፡ በ2013 ምርጫ መራጩ በጣት አሻራ ይለያል፣ ውጤቱም ከየጣቢያው በስልክ መስመር ናይሮቢ ይገባል ተባለ፡፡ ጥሩ ሐሳብ ነው፡፡ ምርጫ የሚካሄደው ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ መብራት የላቸውም፡፡ ባትሪ አለቀ፡፡ መሣሪያዎቹ ተኙ፡፡ ውጤት አስተላላፊው ሥርዓትም መንገድ ላይ ወደቀ፡፡ በቴሌቪዥን ይታይ የነበረው የውድቅ ድምፅ ቁጥር በስህተት በ8 እየተባዛ እንደነበር ኮሚሽኑ አመነ፡፡ ወደ ወረቀት ተመለሱ፡፡ ኡሁሩ ኬንያታ በ50.07 ከመቶ አሸነፉ ተባለ፤ ከግማሽ በላይ የተረፋቸው ከ10 ሺህ ያነሰ ድምፅ ነው፡፡ ኦዲንጋ ከሰሱ፣ ተሸነፉ፣ ውሳኔውን ተቀበሉ፡፡ ቅር እያላቸው ቢሆንም ክርክሩ ከመንገድ ወደ ችሎት ተዛውሯል፡፡ ይቺ ብቻዋን ትልቅ ነገር ናት፡፡

ቁጥሩ መጣ፣ ወረቀቱስ?

ከ2017ቱ ምርጫ በፊት ማይና ኪያይ የሚባሉ የሰብዓዊ መብት ተሟጋችና ባልደረቦቻቸው አንድ አሰልቺ የሚመስል ክስ አቀረቡ፡፡ ጥያቄው "በምርጫ ክልል ደረጃ የተነገረ ውጤት የመጨረሻ ነው ወይስ ናይሮቢ ያለው ሰብሳቢ ሊቀይረው ይችላል?" የሚል ነው፡፡ በሰኔ 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት "የመጨረሻ ነው" አለ፡፡ የናይሮቢው ሰብሳቢ ሥራ መደመር ብቻ ነው፡፡ የ2007ቱን የታኅሣሥ ምሽት አስቡና ይህ ውሳኔ ምን ያህል በር እንደዘጋ መገመት ትችላላችሁ፡፡

እዚህ ላይ ነው ቅጽ 34ኤ የሚመጣው፡፡ ሰንሰለቱ ሦስት ነው፡፡ 34ኤ በምርጫ ጣቢያው ይሞላል፤ 34ቢ የአንድን ምርጫ ክልል 34ኤዎች ይደምራል፤ 34ሲ አገሪቱን ይደምራል፡፡ 34ኤ ላይ የጣቢያው ኃላፊና የተፎካካሪዎች ወኪሎች ይፈርማሉ፡፡ ወኪሎቹ ቅጂ ይወስዳሉ፡፡ አንዱ ቅጂ በጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፡፡ የቅጹ ፎቶ ደግሞ በመሣሪያ ይላካል፡፡

ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት የኮሚሽኑ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ክሪስ ምሳንዶ ተገድለው ተገኙ፡፡ ሥርዓቱን በደንብ የሚያውቁት ሰው ነበሩ፡፡ አገሩ ደነገጠ፡፡ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ነሐሴ 8 ቀን ምርጫ ተካሄደ፡፡

ቁጥሮቹ በፍጥነት፣ በሚገርም ፍጥነት፣ በስክሪን ላይ መፍሰስ ጀመሩ፡፡ ቅጾቹ ግን አብረው አልታዩም፡፡ ነሐሴ 11 ኬንያታ በ54 ከመቶ ማሸነፋቸው ሲታወጅ በሺዎች የሚቆጠሩ 34ኤዎች ገና አልተሰበሰቡም ነበር፡፡ የውጭ ታዛቢዎች፣ የካርተር ማዕከልን ቡድን የመሩትን ጆን ኬሪን ጨምሮ፣ የምርጫውን ቀን አመስግነው ነበር፡፡ ያዩት ሰልፉን፣ ድምፅ አሰጣጡንና ቆጠራውን ነው፡፡ የሰርቨሩን ሆድ ግን ማንም አላየውም፡፡

ኦዲንጋ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፡፡ ፍርድ ቤቱ ኮሚሽኑን "ሰርቨሩን ክፈትና ይታይ" ብሎ አዘዘ፡፡ ኮሚሽኑ እንደታዘዘው አልከፈተም፡፡ የቀረቡት ቅጾች ሲመረመሩ ደግሞ አንዳንዶቹ ሊኖራቸው የሚገባው የደህንነት ምልክት የላቸውም፡፡ መስከረም 1 ቀን 2017 ዋና ዳኛ ዴቪድ ማራጋ ውሳኔውን አነበቡ፤ 4 ለ2 ድምፅ፣ ምርጫው ተሰርዟል፣ በ60 ቀን ውስጥ ይደገም፡፡ በአፍሪካ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት ያሸነፈበት ምርጫ በፍርድ ቤት ሲሰረዝ ይህ የመጀመሪያው ነው፡፡

የውሳኔው ፍሬ ነገር ለእኔ ይህ ነው፡፡ ዳኞቹ "ኦዲንጋ አሸንፈዋል" አላሉም፡፡ "መልሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አሠራሩን ግን አላሳያችሁንም" ነው ያሉት፡፡ የሒሳብ አስተማሪያችሁን አስታወሳችሁ? መልሱን ብቻ ጽፎ አሠራሩን ያላሳየ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፡፡

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፡፡ ኬንያታ ዳኞቹን በአደባባይ ዘለፏቸው፡፡ ከድጋሚ ምርጫው በፊት የምክትል ዋና ዳኛዋ ሾፌር በጥይት ተመታ፡፡ በማግስቱ ምርጫው ይራዘም የሚል አቤቱታ ሊሰማ ሲል ሁለት ዳኞች ብቻ ቀረቡና ችሎቱ ሳይሟላ ቀረ፡፡ ኮሚሽነር ሮዝሊን አኮምቤ ወደ አሜሪካ ሸሽተው ከዚያ ሥራ መልቀቃቸውን አሳወቁ፡፡ በተቃውሞዎቹ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ፡፡ ኦዲንጋ ድጋሚውን አንሳተፍም አሉ፤ ኬንያታ በ98 ከመቶ "አሸነፉ"፤ ከተመዘገበው መራጭ የወጣው ግን ከመቶ 40 እንኳን አልሞላም፡፡ ትልቅ ፍርድ ተፈርዶ ትንሽ ምርጫ ተወለደ፡፡ አንድ ውሳኔ ብቻውን አገር አያድንም፡፡

ነሐሴ 2022፦ ሁሉም ሰው ቆጣሪ ሲሆን

በ2022 ምርጫ ዊሊያም ሩቶና ኦዲንጋ ተፋጠጡ፡፡ በዚህ ጊዜ ኮሚሽኑ ከ2017 ሽንፈቱ ተምሮ አንድ ነገር አደረገ፡፡ ቁጥር በስክሪን ላይ ማፍሰሱን ትቶ የ34ኤ ቅጾቹን ፎቶ ማንም ሊከፍተው በሚችል ድረ ገጽ ላይ ለቀቀ፡፡ 46,229 የምርጫ ጣቢያዎች፡፡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል ተጭነው አለቁ፡፡

እስቲ አስቡት፤ ኪሱሙ ያለ ተማሪ በር ላይ ተለጥፎ ያየውን ወረቀት ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ማመሳከር ይችላል፡፡ ለንደን ያለች ኬንያዊት የተወለደችበትን መንደር ቅጽ ከፍታ የፈራሚዎቹን ስም ታነባለች፡፡ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በየራሳቸው መደመር ጀመሩ፡፡ አንዱ ሩቶን ሲያስቀድም ሌላው ኦዲንጋን ያስቀድማል፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚደምረው አንድ ዓይነት ቅጾችን ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ይለያያል፡፡ ሰዉ ግራ ተጋባ፣ ጣቢያዎቹም አንድ በአንድ መደመሩን አቆሙ፡፡ ለእኛ ለጋዜጠኞች ጥሩ ትምህርት አለበት፤ መረጃ ክፍት ሲሆን ሥራችን አይቀልም፣ ይብሳል እንጂ፡፡ ቆጠራው ስንተኛው ቅጽ ላይ እንደደረሰና ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ ሳይናገሩ "እየመራ ያለው" ማለት እሳት ላይ ቤንዚን ማርከፍከፍ ነው፡፡

ነሐሴ 15 የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ዋፉላ ቼቡካቲ ሩቶ በ50.49 ከመቶ ማሸነፋቸውን አወጁ፤ ኦዲንጋ 48.85፡፡ ልዩነቱ 233 ሺህ ድምፅ ገደማ ነው፤ የ2007ቱን 230 ሺህ የሚያክል! ከሰባቱ ኮሚሽነሮች አራቱ ደግሞ "ውጤቱን አንቀበልም" ብለው ወጡ፡፡ 2007 ቢሆን ኖሮ ይህ ብቻ በቂ ክብሪት ነበር፡፡

አራቱ በማግስቱ ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ የመቶኛዎቹ ድምር 100.01 ይመጣል የሚል ነበር፡፡ ይቺ 0.01 ወደ 142 ሺህ ድምፅ ናት አሉ፡፡ ደቂቃ አልፈጀም፤ ስልክ ያለው ሁሉ ካልኩሌተሩን ከፈተ፡፡ ከ14.2 ሚሊዮን ድምፅ 0.01 ከመቶ ማለት 1,420 ነው፡፡ እሱም ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ የመጣ ትርፍ ነው፡፡ ሰው ሳቀባቸው፡፡ ከ15 ዓመት በፊት በገጀራ የሄደው ክርክር በካልኩሌተር ሲሄድ ማየት ቀላል ለውጥ አይደለም፡፡

ኦዲንጋ ውጤቱን አልተቀበሉም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዱ፡፡ ቅጾቹ መንገድ ላይ ተቀይረዋል የሚል ክስም ነበረበት፡፡ ፍርድ ቤቱ ድረ ገጹ ላይ ያሉትን ቅጾች ከዋናው ወረቀትና ወኪሎች እጅ ካለው ቅጂ ጋር አመሳከረ፡፡ ልዩነት አላገኘም፡፡ መስከረም 5 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ አቤቱታውን ጣሉት፡፡ ኦዲንጋ በፍርዱ እንደማይስማሙ፣ ግን እንደሚያከብሩት ተናገሩ፡፡ በጥቅምት 2025 እስካረፉ ድረስ ፕሬዚዳንት አልሆኑም፡፡

ታዲያ ወረቀቱ ምን ሠራ?

ቅጽ 34ኤ ኬንያን አንድ ልብ አላደረጋትም፡፡ ዛሬም "ተሰርቋል" የሚል ኬንያዊ ሞልቷል፡፡ ወረቀቱ ሙስናን አላጠፋም፣ የብሔር ፖለቲካን አልሻረም፣ ፖሊስንም አላስተማረም፡፡ የሠራው ሥራ ጠባብ ነው፤ ለጥርጣሬ መሄጃ ሰጠው፡፡ የጠረጠረ ሰው "የትኛው ጣቢያ? የትኛው ቁጥር?" ተብሎ ሲጠየቅ የሚያሳየው ነገር አለው፤ ወይም የሚያሳየው እንደሌለው ራሱ ያውቃል፡፡ በ1988 ሰልፉ ሲበተን፣ በ2007 ስልኩ ሲጠፋ፣ ይህ አልነበረም፡፡

ስለ ቴክኖሎጂም የሚነግረን አለው፡፡ ኬንያውያን ማሽኑን በሰው ፈንታ እንዲታመን ሲያደርጉት ሁለት ጊዜ ጣላቸው፤ በ2013 ባትሪው ሞተ፣ በ2017 ተዘጋባቸው፡፡ ማሽኑ የጠቀማቸው ተላላኪ ሲያደርጉት ነው፤ ሰዎች የፈረሙትን ወረቀት ፎቶ ተሸክሞ ለሁሉም ዓይን ማድረስ፡፡ ነገ የሚመጣው ቴክኖሎጂ ምንም ያህል ቢራቀቅ ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማሽኑ ቢዋሽ በምን እናውቃለን?

እኛስ? እኛም የራሳችን ቁስል አለን፡፡ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በተነሳው ግጭት 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አጣሪ ኮሚሽኑ መዝግቧል፡፡ ያኔም ንትርኩ የተነሳው በቆጠራና በውጤት ላይ ነው፡፡ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ ሕጋችን ውጤት በየጣቢያው እንዲለጠፍ ያዛል፤ ከ2013ቱ ምርጫ በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ በየጣቢያው በር ላይ የተለጠፉ ወረቀቶች ነበሩ፡፡ ብዙ ሰው አልፏቸው ሄደ፡፡ "ምን ለውጥ ያመጣል?" ብሎ ይሆናል፡፡ መልሱ እንደየዘመኑ ይለያያል፤ ፉክክር ባለበት ምርጫ ያ ወረቀት ሁሉም ነገር ነው፣ ፉክክር በሌለበት ግን ቆንጆ ወረቀት ብቻ ነው፡፡

ሌላም መርሳት የሌለብን ነገር አለ፡፡ ክሪግለር ያሳዩን ወረቀቱ በራሱ እንደማይጠብቀን ነው፡፡ ወኪል በሌለበት ጣቢያ ማንኛውም ቅጽ የፈለጉትን ቁጥር ይሸከማል፡፡ ስለዚህ የምርጫ ደህንነት መጨረሻው የሚወድቀው ስማቸውን ማንም በማያውቃቸው ሰዎች ጫንቃ ላይ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ በኩራዝም ሆነ በስልክ መብራት፣ እያንዳንዱን ድምፅ ሲነበብ ሰምተው፣ ቁጥሩን አመሳክረው የሚፈርሙት ላይ፡፡ የተቀናቃኙ ወኪል ባይኖር እንኳን "ይምጣና ይቁም" የሚሉት ላይ፡፡

ለዚህ ሥራ ብዙ ሰው ያስፈልጋል፤ 46,229 ጣቢያ ሲባዛ በሁለትና በሦስት ወኪል ስንት እንደሚመጣ እናንተው አስሉት፡፡ አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው የሚሆኑት፤ ሌሊት መቆም የሚችል ጉልበት ያለው እሱ ስለሆነ፡፡ በሚቀጥለው ምርጫ ወረፋችሁን ጠብቃችሁ፣ ጣታችሁን ቀለም አስነክታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ ሥራው ገና ግማሽ ነው፡፡ ማታ ተመልሳችሁ በሩ ላይ ምን እንደተለጠፈ አንብቡ፤ ካልተለጠፈም ለምን ብላችሁ ጠይቁ፡፡